ከባድ ቤት፣ ቀላል ቤት

ሲስተር ሰላማዊት እንደምትለው ከሆነ በዓለም ላይ ያለ ሥራ ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከባድና ቀላል። ሁለቱን እያፈራረቀ የሠራ ሰው ወገቡን አያመውም። አንዱን ብቻ የሠራ ግን እንደ እኔ ይሆናል።

እኔ እንዴት ሆንኩ? እነግራችኋለሁ። ብዙ መናገር አልወድም፤ ስለዚህ ከጀመርኩ አታቋርጡኝ፣ ሁለተኛ አልጀምረውም።

ሥራዬ ጅግጅጋ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት እየዞርኩ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸውን አረጋውያን መንከባከብ ነው። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ልጆቼ የሚበሉት ከዚህ ነው። ተመስገን። የቀጠረችን አንዲት ትንሽ ማኅበር ናት። ጥቂት ሴቶች ነን፣ አንድ የቢሮ ስልክ አለን፣ አንዲት ሲስተር አለችን። ሲስተር ሰላማዊት ከደብረ ብርሃን የመጣች ነርስ ናት፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፣ በቁጣ ግን እናቴ ናት።

ጠዋት ጠዋት የምገባው የመቶ አለቃ ደምሴ ቤት ነው። ጡረተኛ ናቸው። በወጣትነታቸው ከመሃል አገር ተመድበው መጡ፣ ካራማራን በመስኮት እያዩ እዚሁ አረጁ። ከታመሙ ወዲህ ግራ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ሌላው አካላቸው ደህና ነው፤ በተለይ ሆዳቸውና ድምፃቸው። እኔ ከአልጋ አንሥቼ መስኮቱ አጠገብ ካለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ትእዛዝ ይሰጣሉ።

"ተዘጋጅ!" ይላሉ። እዘጋጃለሁ።

"አንድ! ሁለት!" ሦስት ሲሉ ላነሣ ትንፋሼን እይዛለሁ። እሳቸው ሦስትን ይተዉና "አቁም! መነጽሬ!" ይላሉ።

አንድ ቀን "አቁም!" ሲሉ ወገቤ ሰማቸውና ቆመ። ጎንበስ እንዳልኩ፣ ሁለት እጄ በብብታቸው ሥር እንደገባ፣ ደርቄ ቀረሁ። ወደ ላይ አልሄድም፣ ወደ ታች አልመለስም። አፍንጫዬና አፍንጫቸው ሊነካኩ ምንም አልቀራቸው።

"ምን ሆንሽ?" አሉኝ።

"ወገቤ።"

"ምን ሆነ?"

"ቆመ።"

"እንግዲያው አጥብቀሽ ያዢኝ፣ ብርቄ እስክትመጣ።"

ወይዘሮ ብርቄ ባለቤታቸው ናቸው፤ ገበያ ሄደዋል። ከገበያ የሚመለሱት ደግሞ የሚገዙት ሲያልቅ ሳይሆን ሰላም የሚሉት ሰው ሲያልቅ ነው። እስከዚያ የመቶ አለቃ አንድ ሙሉ ዘመቻ ተረኩልኝ። ስንቅ ሲታደል ላይ ሲደርሱ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ብርቄ ዘንቢላቸውን እንደያዙ አዩን፤ ተቃቅፈን፣ ፊት ለፊት።

"ምነው በጾም!" አሉ።

እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ነገሩ ሲገባቸው በወይራ ዘይት አሽተው አቃኑኝ።

ሲስተር ሰላማዊት ይህን ስትሰማ ቅባት ይዛ ቤቴ ድረስ መጣች።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም" አለችኝ። "የሥራው አደላደል ነው። ከባድ በከባድ ላይ ደርቤብዎታለሁ። ከነገ ጀምሮ ከከባድ ቤት ሲወጡ ቀላል ቤት ይገባሉ። ማንሣቱ፣ መቀመጡ፣ መራመዱ በልኩ ሲሆን ሥራው ራሱ ለሰውነት መድኃኒት ይሆናል።"

"እሺ።"

"ስግደትስ ይሰግዳሉ?"

"ሁዳዴ ነው እኮ።"

አሰበች። "ከባድ ውስጥ እንመድበዋለን። የመቶ አለቃን ባነሡበት ቀን ይቀንሱ።"

"ለንስሐ አባቴ አንቺ ትነግሪልኛለሽ?"

ወደ ቅባቱ ተመለሰች። ስትጨርስ ዋናውን ነገር አመጣች። እስከ ፋሲካ ወገቤ ካልተሻለው ቤት ለቤት መዞሩ ይቀርና ቢሮ ተቀምጬ ስልክ አነሣለሁ።

ይህን ስሰማ የወገቤን ሕመም ረሳሁት። እኔ ስልክ! አንድ ጊዜ ሰው ጠፍቶ አንሥቼው ነበር። "አቤት" አልኩ። ሰውዬው ጉዳዩን ተናገረ፤ እኔም በጥሞና ሰማሁት። ጨረሰ። "ሄሎ? ሄሎ? ኤጭ፣ ተቋረጠ" ብሎ ዘጋው። ምን እንድለው ፈልጎ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዲህ ያለች ሴት ስልክ ላይ ሳምንት አትቆይም። ማኅበሯ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የምትሰጠኝ ሥራ የላትም። የልጆቼ እንጀራ ወገቤ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ቀላል የተባለው ቤት የአዬዮ ሩቂያ ነው። አዬዮ በሶማልኛ አያት ማለት ነው። ክብደቷ የሁለት ነጠላ ያህል ቢሆን ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ፍራሿ ላይ ትውላለች። ልጇ ፈርቱን ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። አዬዮ በልጅነቷ ቱሊ ጉሌድ አካባቢ ግመል ስትጠብቅ ነው ያደገችው፤ ኋላ ጅግጅጋ ገብታ ለመኮንኖችና ለመምህራን ወተት ስትሸጥ አማርኛ ለመደች። መጀመሪያ ቀን "እርስዎ" ብላት ከኋላዋ ማን እንዳለ ለማየት ዞር አለች። ከዚያ ወዲህ "አንቺ" ነው የምላት።

"እዚያ ሥራዎ ጉልበቷን በቅባት ማሸትና መጫወት ብቻ ነው" ብላኛለች ሲስተር። "ቁጭ ብለው ይጫወታሉ፣ ወገብዎ ያርፋል።"

መጫወት ብቻ! ውሃ ብቅዳ ይሻለኝ ነበር።

"ኢስካ ወረን?" አለችኝ አዬዮ፣ ገና ጫማዬን ሳወልቅ። ወሬሽን አምጪ ማለት ነው።

"ደህና።"

"ነባድ?"

"ነባድ።" ሰላም ማለት ነው፤ ይህችን እንኳ ለምጃታለሁ።

"ልጆች ነባድ?"

"ነባድ።"

"ፍየሎችሽ ነባድ?"

"ፍየል የለኝም።"

ደነገጠች። "ምን በላቸው?"

ከመጀመሪያውም እንዳልነበሩኝ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ሻህ የሚሉት ሻይ ተቀዳልኝ፤ ወተት ስላለው ጾም ነው ብዬ መለስኩ። ያለ ወተት መጣ። አንዴ ፉት እንዳልኩ አዬዮ ተደላድላ ተቀመጠችና "እሺ፣ ወሬ" አለችኝ።

"ምንም የለም፣ አዬዮ።"

ፊቷ ተለወጠ። እሷ ባደገችበት ገጠር ከመንገድ የመጣ እንግዳ የወሬ ዕዳ አለበት። ዝናብ የት ጣለ፣ ማን አገባ፣ የማን ግመል ጠፋ፤ ይህን ሁሉ አራግፎ ነው ሻህ የሚጠጣው። ምንም የለም የሚል ሰው ወይ የሚደብቀው ነገር አለው፣ ወይ…

"ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የመጣሽው?" አለችኝ።

ከዚያ ቤት ስወጣ ወገቤ አርፏል፤ ቀሚሴ ግን በላብ ርሷል።

በማግስቱ ወሬ ይዤ ለመሄድ ስል ባጃጁን ትቼ በእግሬ ገበያውን ዞርኩ። እመቤቴ ረዳችኝ። ከባቢሌ የመጣ አይሱዙ ኦቾሎኒ አፍስሶ፣ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ መንገዱን ዘግቶ ሲበላ ደረስኩ። እየሮጥኩ ሄጄ "አዬዮ፣ ኦቾሎኒ ፈሰሰ። ፍየሎች በሉት" አልኳት።

"የማን ፍየሎች?"

"እንጃ።"

"ጥቁር ናቸው ነጭ?"

"አላየሁም።"

"ሾፌሩ ምን አለ?"

"ጮኸ።"

"ምን ብሎ?"

ጾም ስለነበረ ያለውን አልደገምኩላትም። አዬዮ በጣም አዘነችልኝ። ፈርቱን ማታ ስትገባ "ይህች ሴት ደግ ናት፣ ግን ከወሬ በኩል ድሃ ናት" ብላ ነገረቻት አሉ። እኔም ወሬ ፍለጋ ዳገት ቁልቁለቱን ስል ቀላሉ ቤት ከከባዱ ባሰብኝ። ወገቤም እንደገና ያጉረመርም ጀመር።

ወሬ ሲያልቅብኝ ስማቸውን ሳልጠራ ስለ መቶ አለቃው ነገርኳት። አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ አነሣቸዋለሁ፣ እሳቸው ግን ትእዛዝ ይሰጣሉ እንጂ አይነሡም አልኳት። ዕድሜዬን በሙሉ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም።

አዬዮ ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች። "ግመል ጭነት አለው፣ ግን ይነሣል። እሱ በባዶው ምን ነካው? እንዲህ ብለሽ ንገሪው።"

"አዬዮ! ትልቅ ሰው ናቸው።"

"ግመልም ትልቅ ነው። ንገሪው፣ መልሱን ነገ አምጪ።"

ልነግራቸው አላሰብኩም ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ነገር ግን በማግስቱ ጠዋት እጄን ከብብታቸው ሥር አስገብቼ "ሁለት!" ብለው "አቁም! ፎጣዬ!" ሲሉ ወገቤ ያንን የታወቀውን ድምፅ አሰማ። ፈራሁ። ስፈራ አፌ ተከፈተ።

"አንዲት ሴትዮ፣ ግመል ጭነት ተሸክሞ ይነሣል፣ እርስዎ በባዶዎ ምን ነካዎት ብላለች።"

"ማ?!" አሉና ሊቆጡ ወደ ፊት ሰገግ አሉ። ሰገግ ሲሉ መቀመጫቸው ከአልጋው ተላቀቀ። እኔ እጄን ብቻ ነው ያቀበልኳቸው። ቆሙ! ሁለታችንም ደነገጥን። "ማን ናት እሷ? የማን ዘመድ ናት?" እያሉ ወንበሩ ድረስ ሄዱ። ወገቤ ምንም አላለኝም።

ከተቀመጡ በኋላ፣ ጉልበቷን አሟት ፍራሽ ላይ የምትውል የድሮ ግመል ጠባቂ መሆኗን ብነግራቸውም ንዴታቸው አልበረደም። "ንገሪያት! ግመሏ የት አለ በያት። ሸጣ በልታ፣ ፍራሽ ላይ ተጋድማ እኔን መነሣት ታስተምረኛለች? መጀመሪያ ራሷ እስከ በሩ ትሂድ!"

መልሱን አደረስኩ። አዬዮ በደስታ አጨበጨበች። "ወላሂ፣ ይህ ሰው አፍ አለው!" አለች። ወዲያው ግን ኮስተር ብላ እጇን ዘረጋች። "በይ አንሺኝ።" ክንዴን ይዛ እስከ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች። "ሄደች በዪው። ደግሞ፣ እንደ እሱ የሰነፈ ጥጃ ነበረኝ፤ አረድነው በዪው።"

እንዲህ ተጀመረ። የአዬዮን ስድብ ይዤ እሄዳለሁ። ገብቼ እንደ ደረስኩ አልናገረውም። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ የመቶ አለቃ "ምን አለች?" እያሉ ይወተውቱኛል፤ ዝም። ዝምታ ለእኔ ምን አላት! አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጬ፣ እጄን አስገብቼ፣ "ሁለት!" ሲሉ ያኔ እለቀዋለሁ። እሳቸው በንዴት ይነሣሉ። በዚያው ንዴት መልሱን ይልካሉ። መልሱ አዬዮን ከፍራሿ ያነሣታል። እስከ በሩ የነበረው እስከ ግቢው በር ሆነ፤ ቀጥሎም የጎረቤት ሱቅ ደረሰ። እኔም ክንዴን ሰጥቻት ቀስ እያልኩ እራመዳለሁ። ወገቤ እንደ ልጅነቴ ሆነ።

ስድቡን ግን እንዳለ አላደርሰውም ነበር። አዬዮ "አንተ" ያለችውን "እርስዎ" እያደረግኩ ነው።

"የመቶ አለቃ፣ እርስዎ ዝናብ የመታዎት የጨው ጆንያ ነዎት ብላለች።"

"በአንቱታ አትስደቢኝ!" ብለው ጮኹ፣ ቆመው። "እሷ እንዳለችው በዪው!"

"አልችልም። ጾም ነው።"

ይህ ነገር ሕሊናዬን ስለከበደኝ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። "አባ፣ በጾም ስድብ አመላልሳለሁ" አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መከሩኝ፣ መስቀል አሳለሙኝ። ልወጣ ስል ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ስለ ጥጃው ሲሰሙ ምን መለሱ?"

እንግዲህ ደስታዬ ሞልቶ ሳለ ነው ሲስተር ሰላማዊት ወገቤን ልታይ ሳትነግረኝ የመጣችው። ወይዘሮ ብርቄ በሩን ከፈቱላት። ከጓዳው በኩል የእኔ ድምፅ ይሰማል፤ የእኔ፣ በቀን ሦስት ቃል የማልናገረው ሴት!

"ቱሊ ጉሌድ መንገድ ላይ የተበላሸ አይሱዙ እንኳ ሰው ከገፋው ይንቀሳቀሳል! እርስዎ ግን ጎማዎም ሞተርዎም…"

"እትዬ!" አለች ሲስተር። መጋረጃውን ይዛ ቆማለች። ፊቷ ከመጋረጃው ነጥቷል። "ሕመምተኛ ይሰደባል?"

የመቶ አለቃ ቆመዋል። "አታቋርጫት! ሞተሬ ምን ሆነ?"

ሲስተር ወደ ውጭ ጠራችኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አላመነችኝም። ሰው ተሰድቦ አይነሣም፣ ተሰድቦ ያዝናል እንጂ አለችኝ። ደግሞስ ምላሴ እንዲህ ከተፈታ፣ ስልኩ ላይ ከእኔ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? እጄ ላይ ያለውን ፎጣ ተቀበለችኝ። "ከነገ ጀምሮ ቢሮ ነዎት" አለች።

ያን ማታ ጸሎት ላይ ብዙ አልተናገርኩም። እግዚአብሔር ስልክ እንደማልችል ያውቃል።

በማግስቱ ቢሮ ተቀመጥኩ። ሲስተር ከጠረጴዛው ማዶ ናት። ስልኩ ጮኸ። "አቤት" አልኩ። ከዚያ ጠበቅኩ። እዚያም ጠበቁ። ሁለታችንም በትሕትና ስንጠባበቅ መስመሩ ተዘጋ። ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው አዬዮ ናት፣ በፈርቱን ስልክ።

"አንቺ! መልሱ የታለ? ጫማዬን አድርጌ ተቀምጫለሁ!"

ዘጋሁት። ወዲያው ወይዘሮ ብርቄ ደወሉ። በእኔ ፈንታ የሄደችው ባልደረባዬና እሳቸው፣ ሁለት ሆነው ሲታገሉ አርፍደዋል። "አልነሣም አለ። የሴትዮዋን ቃል ካልሰማሁ ንቅንቅ አልልም ይላል። ልጅቷም ወገቤ እያለች ነው፣ ኧረ ባክሽ!"

ሲስተርን አየኋት። ድምፁ ወደ እሷም ይሰማል። ባልደረባዬ ከስልኩ ማዶ "ወገቤን፣ ወገቤን" ስትል ሁለታችንም ሰማን። ሲስተር ዓይኗን በእጇ ሸፈነች።

"ይንገሯቸው" አለችኝ።

"ጆሯቸው ላይ ያድርጉላቸው" አልኩ ለወይዘሮ ብርቄ። ትላንት የተቋረጠውን ከሞተሩ ጀመርኩ። "ጎማዎም ሞተርዎም ደህና ሆነው ሳለ ቆመዋል፤ የጎደለው ሾፌሩ ነው ብላለች።"

"እኔን?!" የሚል ድምፅ መጣ። አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። የሆነ ነገር ወደቀ። ከዚያ ወይዘሮ ብርቄ እልልታውን አቀለጡት። "ቆመ! ኧረ ማንም ሳይነካው ቆመ!"

ሲስተር እጇን ከዓይኗ አወረደች። "ይሄ እንግዲህ ከባድ ነው ቀላል?" አለች።

"እንጃ።"

ስልኩን በቀስታ ወደ ራሷ ሳበችው። "ወደ ቤቶችዎ ይመለሱ። ግን አንድ ነገር አደራ።"

"ምን?"

"በአንቱታ ይሁን።"

ተመስገን አልኩ። በሩ ላይ ሆኜም ደገምኩት።

እንዲህ ሆነን እስከ ሆሣዕና ደረስን። በዋዜማው የአዬዮን ጉልበት እያሸሁ "ለነገ ምን ልበላቸው?" አልኳት። አዬዮ አሰበች። ፈርቱን ነግራት ኖሮ በዓል መሆኑን ሰምታለች።

"ነገ በዓላችሁ ነው። ስድብ የለም። ሰላም በዪው። አላህ ጤና ይስጠው በዪው።"

ጠዋት ከቅዳሴ ወጥቼ፣ የዘንባባ ቀለበቴን በጣቴ አድርጌ የመቶ አለቃ ቤት ገባሁ። አጥሚታቸውን ጠጥተዋል፣ አፋቸውን ጠርገዋል፣ አልጋው ጫፍ ላይ በጉጉት ተቀምጠዋል። እጄን አስገባሁ።

"አንድ! ሁለት! በይ፣ ምን አለች?"

"ሰላም ብላለች። አላህ ጤና ይስጥዎት ብላለች።"

የመቶ አለቃ ፊት ረገበ። ትከሻቸውም ረገበ። "ሌላስ?"

"ይኸው ነው።"

"ታመመች እንዴ?"

"ደህና ናት። በዓል ስለሆነ ነው።"

"አሃ" አሉና ሁለመናቸውን ለቀቁት። ያን ቀን የሁለት ሰው ክብደት ሆኑብኝ። ብስባቸው ንቅንቅ የለም። ወገቤ ማጉረምረም ጀመረ። ወይዘሮ ብርቄ አሁንም ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ሰላምታቸውን ታውቁታላችሁ፤ ቶሎ አይመለሱም።

ከራሴ ምንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። የአዬዮን አመላለስኩ እንጂ የራሴ የለኝም። ግድግዳው ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል አየሁ፤ ይቅር በይኝ አልኳት። ሰው ያልሰደብኩ፣ ቅዱስ መጽሐፍ የጠቀስኩ መሰለኝ።

"የመቶ አለቃ፣ አልዓዛር እንኳ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ በአራተኛው ቀን ሲጠሩት ተነሥቷል። እርስዎ አጥሚት ጠጥተው ነው የማይነሡት?"

ወደ ፊት ሰገግ ሲሉ ታወቀኝ። ቆሙ። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ በእኔ ክንድ ላይ አንዲት ጣት እንኳ ሳያሳርፉ። ከላይ ወደ ታች ትኩር ብለው አዩኝ።

"ይህኛው የእሷ አይደለም" አሉ።

"ቀስ ብለው ይራመዱ" አልኳቸው።